መተርኮሻው አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው

ጦር ኃይሎች ታክሲ ተራ ላይ ሁለት ረዳቶች ጎን ለጎን ቆመው ይጣራሉ። አንዱ «ቤቴል! ቤቴል! አንድ ሰው!» ሲል ሌላው «አየር ጤና! አየር ጤና!» ይላል። እነዚህን ሁለት ስሞች ለዓመታት ሰምቻለሁ፤ የሰፈር ስም እንጂ ትርጉም ያላቸው ቃላት መሆናቸው ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ቤቴል በኦሪት ያዕቆብ ድንጋይ ተንተርሶ ሕልም ያየበት ቦታ ነው፣ የእግዚአብሔር ቤት ማለት ነው። አየር ጤና ደግሞ ራሱን ያስረዳል። ትርጉሙ የመጣልኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ቤቴል ውስጥ ካለ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ከጎኔ ካለው ጠረጴዛ የተነሳ ጢስ ማኪያቶዬ ላይ ሲያንዣብብ ነው።

ከራሴ በላይ ግድግዳው ላይ በቀይ ክብ ውስጥ የተሰረዘ ሲጋራና «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከወረቀቱ ሥር፣ በያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ክብ የቆርቆሮ መተርኮሻ ተቀምጧል። ጠርዙ ላይ ሲጋራ የሚያርፍባቸው ሦስት ጎድጓዶች አሉት፤ በመሃሉ የትናንቱ አመድ ጥቁር ክብ ሠርቶ ቀርቷል።

«እህቴ፣ ይሄ ክልክል አይደለም እንዴ?» አልኳት አስተናጋጇን፣ ወደ ወረቀቱ እየጠቆምኩ።

«ክልክል ነው» አለች። «መተርኮሻ ካላስቀመጥን ግን ወለሉ ላይ ይጥሉታል። የምጠርገው ደግሞ እኔ ነኝ።»

መልስ አጣሁ። ሒሳቤን ከፍዬ ስወጣ ሕጉን በእግሬ ለመለካት ወሰንኩ። አዋጁ ሕዝብ የሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስን ብቻ ሳይሆን ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር ባልሞላ ርቀት ማጨስንም ይከለክላል። ከካፌው በር ተነስቼ አሥር ሰፋፊ እርምጃ ስራመድ ራሴን ፋርማሲ በር ላይ አገኘሁት። ከፋርማሲው አሥር ስራመድ ፀጉር ቤት ደረስኩ፤ ከዚያ የሞባይል ጥገና፣ ከዚያ ዳቦ ቤት። ሱቆቹ እንደ ጥርስ የተደረደሩበት መንገድ ነውና ሕጉን ላክብር ያለ አጫሽ የሚቆምበት ብቸኛ ቦታ አስፋልቱ መሃል ነው። እዚያ ደግሞ ሚኒባሱ አይምረውም።

ይህን የምለው በሕጉ ለመቀለድ አይደለም። ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው፤ እንዲያውም በታሪካችን ትምባሆን በትክክለኛው ጥያቄ የጀመረ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት ሁሉ ጥያቄያችን «ማነው የሚያጨሰው?» የሚል ነበር። ጢሱ ማን ሳንባ ውስጥ እንደሚገባ የጠየቀ አልነበረም። የድሮው ጥያቄ ግን ሕጉ ስለተቀየረ ብቻ አልሄደም፤ ቤቴልም ውስጥ፣ ሌላውም ሰፈር ውስጥ አለ።

ከሩቁ ልነሳ። ትምባሆ የአሜሪካ ተክል ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን አትላንቲክን ተሻግሮ፣ የቱርኩንና የዓረቡን ገበያ አዳርሶ፣ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ወደ እኛም እንደዘለቀ ይታመናል። በየደረሰበት ነገሥታትን አስቆጥቷል። የእንግሊዙ ጄምስ 1ኛ እ.ኤ.አ. በ1604 ራሱ ብዕር አንስቶ ትምባሆን የሚያወግዝ ጽሑፍ አሳተመ፤ የቱርኩ ሱልጣን ሙራድ 4ኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1633 ባወጣው ክልከላ አጫሾችን በሞት ይቀጣ ነበር። የእኛው አፄ ዮሐንስ 4ኛም (1864–1881 ዓ.ም.) ከነዚህ አያንሱም። የዘመኑ የውጭ ተጓዦች እንደጻፉት፣ በእርሳቸው ግዛት ትምባሆ ያጨሰ ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበ አፍንጫውን እስከማጣት ይደርስ ነበር።

ቅጣቱ ዛሬ ሲነበብ ያንገሸግሻል። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ምክንያቱ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ሳንባ አልተጨነቁም፤ ሊጨነቁም አይችሉም ነበር። በደጋው ክርስቲያን ዓይን ትምባሆ እንደ ጫትና እንደ ቡና የሌላ ሃይማኖት ምልክት ነበር። ሽማግሌዎች ትምባሆ የበቀለው ከመናፍቁ ከአርዮስ ነው ሲሉ የሰማ አንባቢ አይጠፋም። ስለዚህ የተቀጣው ጢሱ ሳይሆን ሰውየው፣ ይልቁንም የሰውየው ወገን ነው። ቡና ከዚህ ፍርድ በጊዜ አመለጠ። በምኒልክ ዘመን ከቤተ መንግሥት ገባ፣ ዛሬ ደግሞ ያለ እርሱ ዝክርም ልቅሶም የለም። ትምባሆ ግን ከውግዘቱ ሳይወጣ፣ ሳይጠፋም፣ በጓዳ በኩል ኖረ።

ከጓዳዎቹ አንዱን አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ ከአርሲ የመጡ አንዲት አዛውንት ጎረቤታችን ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ «አዴ» ነበር የሚላቸው። ከሰዓት በኋላ በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ጋያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ጋያ ለማያውቅ፦ ከሥር ውሃ የያዘ ቅል፣ ከላይ ትምባሆና ፍም የሚቀመጥበት የሸክላ አፍ፣ ከጎን ደግሞ የሚሳብበት ሸምበቆ ነው። ሲስቡት እንደ ፈላ ጀበና ይንተከተካል። እኛ ልጆች ድምፁን እየሰማን እንስቅ ነበር፤ እርሳቸውም አንዳንዴ ለእኛ ብለው ጠንከር አድርገው ይስቡታል። እናቴ ሴት ልጅ ስታጨስ ማየት የማትወድ ሰው ነበረች፤ ስለ አዴ ግን አንድም ቀን ክፉ አልተናገረችም። ዕድሜያቸውና አገራቸው ይቅር አሰኛቸው። እዚያው ሰፈር ውስጥ አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ሲጋራ ብትይዝ ኖሮ እናቷ ዘንድ ስንት ሽማግሌ እንደሚላክ እግዜር ይወቀው።

የአዴ ሳል ግን ይቅርታ አያውቅም ነበር። ሌሊት ከግድግዳው ማዶ እንሰማዋለን።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። እኛ ጢስን የምንፈራ ሕዝብ አይደለንም። ዕጣኑ በቤተ ክርስቲያንም በቡናውም ይጤሳል፤ ሰንደሉ አለ፤ በዓል ሲመጣ ከሰሉ ሳሎን ውስጥ ይቀጣጠላል። እንግዳ ገብቶ ቤቱ ካልጤሰ ቅር የሚላት እመቤት ብዙ ናት። «የሌላ ሰው ጢስ ይገድላል» የሚለው ስብከት እኛ ዘንድ ቶሎ ያልሰረፀው በዚህም ይመስለኛል። ጢስ ለእኛ የደስታ ሽታም ነው።

ወደ መንግሥት ልመለስ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ትምባሆ የዘውዱ ሞኖፖል ሆነ። ንጉሥ ከንፈር ያስቆረጠበት ነገር ሁለት ትውልድ ሳይሞላው የመንግሥት የገቢ ምንጭ ሆነ ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ትምባሆ ሞኖፖል» የሚባል ሰፈር እስከመኖር ደረሰ፤ ታክሲ ውስጥ «ሞኖፖል ወራጅ አለ» ሲባል ማንም አይስቅም። በደርግ ዘመን ደግሞ ድርጅቱ ከክብሪት ጋር ተጣምሮ የትምባሆና ክብሪት ኮርፖሬሽን ተባለ። ሲጋራውንም መለኮሻውንም ከአንድ እጅ ማለት ነው፤ ከዚህ የተሻለ አገልግሎት ከየት ይገኛል?

የዚያ ዘመን ልጅ ነኝ። አባቴ «ሂድ እስቲ፣ ሁለት ፍሬ ኒያላ ይዘህ ና፤ መልሷን ከረሜላ ግዛባት» ይሉኝ ነበር። ኒያላ፣ የባሌው የደጋ አጋዘን፣ ምስሉ በ10 ሳንቲሙ ላይ፣ ስሙ በሲጋራው ፓኮ ላይ ነበር። በእጄ ይዤው የምሮጠው ሳንቲምና ይዤው የምመለሰው ሲጋራ አንድ አውሬ ነበሩ። ከረሜላዬን እያላመጥኩ፣ ሁለቱን ፍሬ እንዳይሰበሩ በጣቶቼ መሃል ይዤ እመለሳለሁ። ይህ እንደ ክፉ አስተዳደግ እንዳይታይብኝ፤ በዚያ መንገድ ላይ የማይላክ ልጅ አልነበረም። የሚያጨስ ወንድ ነው፣ ወንዱ ደግሞ አባት ነው፣ አባት ከሆነ ጥያቄ የለም።

የውጭው ዓለም በዚያን ጊዜ ነገሩን በሌላ ዓይን ማየት ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 እንግሊዛውያኑ ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የሲጋራንና የሳንባ ካንሰርን ዝምድና የሚያሳይ ጥናታቸውን አወጡ። እ.ኤ.አ. በጥር 1964 የአሜሪካ መንግሥት ዋና ሐኪም ያንኑ በመንግሥት ማኅተም አጸደቀ። ከዚያ እስከ ዓለም አቀፉ ስምምነት ድረስ ያለው 40 ዓመት የኩባንያዎችና የሐኪሞች ትግል ታሪክ ነው፤ ብዙ ተጽፎበታል፣ እዚህ አልደግመውም። የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በግንቦት 1995 ዓ.ም. ጸደቀ፤ በየካቲት 1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ።

ኢትዮጵያ ስምምነቱን የፈረመችው በየካቲት 1996 ዓ.ም. ነው። ፓርላማው ያጸደቀው ግን በጥር 2006 ዓ.ም. ነው። በፊርማውና በማጽደቁ መካከል አሥር ዓመት አለፈ። በነዚያ አሥር ዓመታት ውስጥ የሲጋራው ፋብሪካ ዋና ባለድርሻ መንግሥት ራሱ ነበር። ሁለቱን ነገሮች ማገናኘት ለአንባቢ እተወዋለሁ ብል ውሸት ይሆናል፤ እኔ አገናኝቻቸዋለሁ። ላሟን የሚያልባት ሰው አጥር ስጠርላት ሲሉት ነገ ይላል።

ከዚያ ደግሞ ላሟ ተሸጠች። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 ከመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ደግሞ 434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን ወደ 71 ከመቶ አደረሰ። በድምሩ 944 ሚሊዮን ዶላር። ከአዋቂዎቿ መካከል ጥቂቶቹ ብቻ በሚያጨሱባት አገር ይህን ያህል ገንዘብ የሚያፈስ ነጋዴ የሚገዛው የዛሬዎቹን አጫሾች አይደለም፤ የነገዎቹን ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ፣ አብዛኛው ወጣት፣ ገና ያልለኮሰ።

ቁጥሩን እንይ። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገው የትምባሆ አጠቃቀም ጥናት እንዳሳየው ትምባሆ የሚጠቀመው 5 ከመቶ፣ ማለትም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ነው። ከወንዶች 6.2 ከመቶ፣ ከሴቶች 1.2 ከመቶ ያጨሳሉ። በአፍሪካ ደረጃ ዝቅተኛ ከሚባሉት ነው። ባለሥልጣን መድረክ ላይ ሲያነበው ደስ ሊለው ይችላል። ይህ ቁጥር ግን የፖሊሲ ውጤት አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ ሥዕል ያለው ማስጠንቀቂያ የለ፣ ጠንካራ ግብር የለ። የይሉኝታ፣ የሃይማኖትና የኪስ ባዶነት ውጤት ነው። ሦስቱም በከተማ ውስጥ እየሳሱ የሚሄዱ ነገሮች ናቸው።

በዚያው ጥናት ውስጥ ብዙ ያልተወራለት ሌላ ቁጥር አለ። ወደ ቡና ቤትና ናይት ክለብ ከሄዱት ሰዎች 60.4 ከመቶው የሌላ ሰው ጢስ አግኝቷቸዋል፤ ምግብ ቤት ከሄዱት 31.1 ከመቶው፤ በቤት ውስጥ ከሚሠሩ ሠራተኞች 29.3 ከመቶው ደግሞ በሥራ ቦታቸው። ከመቶ አምስቱ ትምባሆ ይጠቀማል፣ ቡና ቤት ከሄደው ከመቶ ስድሳው ጢሱን ይቀበላል። የቤቴሏ አስተናጋጅ ያለችው እዚህ ቁጥር ውስጥ ነው። አንድ ደንበኛ አጭሶ ይሄዳል፤ እርሷ ግን እስኪዘጋ ድረስ እዚያው ናት።

አየርላንዶች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2004 መጠጥ ቤቶቻቸውን ከጢስ ሲያጸዱ ያነሱት ክርክር ይኸው ነበር፤ ስለ አጫሹ ሥነ ምግባር አልተከራከሩም፣ ቢራ የምትቀዳው ሠራተኛ እንደማንኛውም ሠራተኛ ንጹሕ አየር ይገባታል አሉ። ያለ ፐብ መኖር አይችልም የተባለ ሕዝብ ሲጋራውን ይዞ ውጭ ወጣ።

የእኛው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ስሙ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ነው፤ ትምባሆው ያለው ሆዱ ውስጥ ነው። ሕዝብ ግን ይህን አዋጅ የሚያውቀው በሌላ ነገር ነው፦ የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ የጠፋው በእርሱ ነውና። በዚያ ዓመት ግንቦት ክልከላው ሥራ ላይ ሲውል ከተማው በሙሉ ያወራው ስለ ቢራ ነበር፤ ትምባሆው በቢራው ጫጫታ ተሸፍኖ አለፈ። ጥሩ ሆነለት ወይስ መጥፎ? ማለፉ ጥሩ ነው፤ አለመሰማቱ ግን እስከ ዛሬ ዋጋ እያስከፈለው ነው።

ያዘዘው ነገር ቀላል አይደለም። ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቤትና በሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስ ሙሉ በሙሉ ክልክል ነው፤ «የአጫሾች ክፍል» የሚባል ማምለጫ የለም። ማስታወቂያና ስፖንሰርነት ቀርቷል። የፓኮው ፊትና ጀርባ 70 ከመቶ በሥዕል ማስጠንቀቂያ መሸፈን አለበት። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አይሸጥም። ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ፣ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራና ሺሻ ታግደዋል። በወረቀት ላይ ከአፍሪካ ጠንካራ ሕጎች አንዱ ነው። ከጀርባው ለዓመታት ደጅ የጠኑ ሰዎች ነበሩ፤ ከነዚህ አንዱ አቶ ወንዱ በቀለ ልጃቸውን ማቴዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ ያቋቋሙት የማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ነው። የልጁን ስም ይዞ ሕግ የሚለምን አባት በር ሲያንኳኳ መዝጋት ይከብዳል።

ወደ ሺሻው ልግባ፤ ብዙ የሚባልበት እርሱ ነው።

ሺሻና ጋያ የአንድ ሐሳብ ልጆች ናቸው። በውሃ ውስጥ ጢስ አሳልፎ ማጨስ በ16ኛው መቶ ዘመን ሕንድ ውስጥ፣ በንጉሥ አክበር ቤተ መንግሥት ሐኪም እንደተፈጠረ ይተረካል። ሐኪሙ ውሃው ጢሱን ያጣራዋል ብሎ አሰበ ይባላል፤ እነሆ ከ400 ዓመት በኋላም ቤቴል ውስጥ ያለ ወጣት ያንኑ ይነግርሃል። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፍራፍሬ ነው። ውሃው ያጥበዋል።» ውሃው የሚያደርገው ጢሱን ማቀዝቀዝ ነው። ስለቀዘቀዘ ጉሮሮ አይቧጥጥም፤ ጉሮሮ ስላልተቧጠጠ ሰውየው ጠልቆና ረዝሞ ይስባል። ከላይ ያለው ፍም ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰጣል፤ ይህ ጋዝ በዝግ ቤት ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ሰዎችን ሲገድል በየክረምቱ የምንሰማው ያው ነው፤ ውሃም አይዘውም። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን እንዳለው አንድ ሰዓት የፈጀ ሺሻ የሚስበው ሰው ውስጥ የሚያስገባው ጢስ መጠኑ ከአንድ ሲጋራ ጢስ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። አፕሉና ሚንቱ ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። መሳቢያ ቱቦው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ደግሞ የጉንፋኑና የሳንባ ነቀርሳው ነገር አለ።

ስለዚህ ሺሻ መታገዱ ትክክል ነው፤ በዚህ አላመነታም። ቅሬታዬ አፈጻጸሙ ላይ ነው። ዜናው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ በዚህ ክፍለ ከተማ ይህን ያህል ሺሻ ቤት ታሸገ፣ ይህን ያህል የሺሻ ዕቃ ተያዘ። ዕቃው ሜዳ ላይ ተከምሮ ይቃጠላል። ካሜራው ግን ዕቃው ላይ አይቆይም፤ ፊታቸውን በሻርፕ ወደሸፈኑ ወጣት ሴቶች ይዞራል። ያኔ አፄ ዮሐንስ ትዝ ይሉኛል። ጥያቄው ተመልሶ «ማነው የሚያጨሰው?» ሆኗል። የእናት ልብ ይሰበራል፣ ጎረቤት ያወራል፣ በሳምንቱ ቤቱ ሌላ ቅያስ ውስጥ፣ መጋረጃው ወፍሮ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ይከፈታል። መስኮት በተዘጋ ቁጥር ደግሞ ያ የከሰል ጋዝ ይበዛል። ክልከላው ሰውን ሲያሳድድ ጢሱን እያጠራቀመው ነው።

በዚያው ምሽት፣ ከታሸገው ቤት ሁለት መቶ ሜትር ርቆ፣ በአደባባይ ቢራ ቤት ውስጥ ሃያ ወንድ ሲጋራ ለኩሶ ኳስ ያያል። እዚያ የሚገባ ካሜራ አላየሁም። ሕጉ ለሁለቱም አንድ ነው።

የአካባቢያችን አገሮችም ሞክረውታል። ኡጋንዳ ሺሻን በ2015 (እ.ኤ.አ.) ሕጓ አገደች፤ ኬንያና ሩዋንዳ በታኅሣሥ 2017 (እ.ኤ.አ.)። የኬንያው ደንብ በሚኒስትር የወጣ ስለነበር፣ ወደ ፓርላማ በጊዜው አልቀረበም በሚል እ.ኤ.አ. በ2024 ሞምባሳ ያለ ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው። የእኛ እገዳ በአዋጅ ውስጥ ያለ ነውና በዚህ በኩል መሠረቱ ጽኑ ነው። የጎደለው ሌላ ነው።

የጎደለውን ለማየት ከቤቴ አጠገብ ያለው ሱቅ ይበቃል። ባለሱቁ ጨዋ ልጅ ነው፤ ከዱቤ መዝገቡ ጎን የተከፈተ ፓኮ አለ፣ ላይተሯ በላስቲክ ከብረቱ ፍርግርግ ላይ ታስራ ትወዛወዛለች። ገዢው አይወርድም፣ አይቀመጥም። «አንድ ፍሬ» ይላል፤ ብሩን ያስገባል፣ ፍሬዋን ይቀበላል፣ ላይተሯን ጎትቶ ይለኩሳል፣ ይሄዳል። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። በፓኮው ላይ ያለውን የታመመ ሳንባ ሥዕል አላየውም፤ ሥዕሉ ከፓኮው ጋር ሱቁ ውስጥ ቀረ። ሰባ ከመቶው ማስጠንቀቂያ ቀኑን ሙሉ የሚመለከተው ባለሱቁን ብቻ ነው፤ ባለሱቁ ደግሞ አያጨስም። የ21 ዓመቱን ነገር ተዉት፤ እዚያ መስኮት ላይ መታወቂያ ሲጠየቅ አላየሁም። ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ «ለአባቴ ነው» ካለ ያልፋል። እኔም ድሮ እውነቴን ነበር።

ፍሬ በፍሬ ሽያጭ እስካለ ድረስ ዋጋም ጥርስ አያወጣም። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በሲጋራ ላይ ጥሩ ሐሳብ አምጥቶ ነበር፦ ከፋብሪካ ዋጋው 30 ከመቶ፣ በዚያ ላይ በ20 ፍሬ ፓኮ 8 ብር ቋሚ ግብር። ቋሚው ልክ ጥቅሙ ርካሹ ሲጋራ እንዳይረክስ ማድረጉ ነው። ቋሚ ልክ ግን ብር ሲሟሟ አብሮ ይሟሟል። በ2012 ዓ.ም. 8 ብር ማኪያቶ ያስጠጣ ነበር፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 8 ብር ምን እንደሚገዛ ቤቴል ውስጥ ያለ ሕፃን ያውቃል። ግብሩ በየዓመቱ ከኑሮ ውድነቱ ጋር ካልተነሳ ሲጋራ ከዳቦ አንጻር እየረከሰ ይሄዳል ማለት ነው። ኩባንያዎች «ግብር ከጨመራችሁ ኮንትሮባንዱ ያጥለቀልቃችኋል» ይላሉ። ኮንትሮባንድ እውነት ነው፤ ድንበራችን ረጅም ነው። ግን ሌባ አለ ተብሎ በር አይነቀልም። ቁጥጥሩን ማጥበቅ እንጂ ሲጋራን በርካሽ መተው መፍትሔ ሊሆን አይችልም።

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም፤ አዲስ አዋጅም አያስፈልገውም። የቁጥጥር ሠራተኛው ሺሻ ቤት ሲያሽግ ቢራ ቤቱም ይግባ። ሲገባ ደግሞ አጫሹን ሳይሆን የቤቱን ባለቤት ይጥራ፤ ኃላፊነቱ የባለቤቱ ነው። መጀመሪያ የሚያየው ጠረጴዛው ላይ መተርኮሻ መኖር አለመኖሩን ይሁን። ለመተው ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ጤና ጣቢያው ከ«ተው» ያለፈ ነገር ይኑረው። ሲጋራ ልማድ ብቻ አይደለም፣ ኒኮቲን የሚይዝ ሱስ ነው፤ ምክርም መድኃኒትም አለው። አባቴን «አባዬ፣ ለምን አይተዉትም?» ያልኳቸው ቀን «መች ጠላሁ» ነበር ያሉኝ። ከዚያ በኋላ ማን ዘንድ እንደምንሄድ እኔም እርሳቸውም አናውቅም ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ወደዚያው ካፌ ተመለስኩ። ወረቀቱ አለ፤ አንድ ጥጉ ተላጦ ተንጠልጥሏል። አስተናጋጇ ማኪያቶዬን አምጥታ መተርኮሻውን በጨርቅ ጠረግ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው። ስትሄድ አንስቼ ገለበጥኩት። በሆዱ የተደፋ ቆርቆሮ፣ ሦስት ጎድጓዶቹ ወደ ታች። ደስ አለኝ፤ እንደ ሕፃን።

ብዙም አልቆየ። ከጎኔ ካለው ጠረጴዛ አንድ ጎልማሳ ተነስቶ፣ ያልተለኮሰ ሲጋራ በጣቶቹ መሃል እንደያዘ፣ በትሕትና ጎንበስ አለ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ይሄን እየተጠቀሙበት ነው?»

«አይ» አልኩት።

ቀና አድርጎ ይዞት ሄደ።